ለመዝሙር የተቀቡ ጣቶች

ሶደሬ፣ የሆቴሉ ኪችን በር ላይ ቆሜ ጊታሬን እየቃኘሁ ነው። ባንድም ማናጀርም የለኝም፤ የካንትሪና ብሉዝ ዘፈን የምጫወተው ብቻዬን፣ በራሴ ግጥምና ዜማ ነው። ምግብ አብሳዩ ሰላጣ ላይ የወይራ ዘይት ሲያፈስ ሽታው መጣ። ሰላጣ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ ግን መቃኘቴን አቆምኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ አዳማ፣ ለቤተክርስቲያናችን መዘምራን ጊታር እንድመታ የተመረጥኩ ዕለት አያቴ ሳሎን ውስጥ አንበረከኩኝ። የቤተክርስቲያኗ ሽማግሌ ነበሩ። ከትንሽ ብልቃጥ የወይራ ዘይት እያንጠባጠቡ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቀቡ። ዘይቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ እጃቸው ግን ያቃጥል ነበር።

“ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ጣቶች ያንተ ናቸው” ብለው ጸለዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው፣ “ልጄ፣ ዘፈን የተጫወትሽባቸው ቀን ግን መልሶ ይወስዳቸዋል” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

“አባባ፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚወስዳቸው?”

ብልቃጡን ከደኑ። “አሜን በይ።”

“አሜን” አልኩ።

አሁን መድረክ ላይ ስሜ ተጠራ። ቢሾፍቱ ከተጫወትኩ ወዲህ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ደንዝዛለች፤ ለማንም አልተናገርኩም። ወጣሁና በቀሩት ጣቶች ጀመርኩ።