በበርሜል ቂጥ ላይ የተከልኩት ደን

በቀደም ለጉዳይ ደሴ ሄጄ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ፣ ከጠረጴዛዎቹ መሀል ዝርግ የሸክላ ሳህን ላይ የተተከሉ፣ ክንድ የማይሞሉ ዛፎች አየሁ። ግንዳቸው ያረጀ ይመስላል፤ ቅርንጫፋቸው በሽቦ ተጠምዝዟል። ተነስቼ አንዱን ሽቦ ላየው እጄን ስዘረጋ አስተናጋጇ መጣች። «ቦንሳይ ይባላል ጋሼ። ከውጭ የመጣ ነውና እባክዎ አይንኩት» አለችኝ።

እኔን! «አንቺ ልጅ፣ እኔ ይኼን አንቺ ሳትወለጂ ሠርቼ አጥንቴ ተሰብሮበታል!» ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም። ሻዬን ሳልጨርስ ከፍዬ ወጣሁ። ሰው ሲያረጅ ንዴቱ ይበርዳል ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኛል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቄ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ነበር። የምኖረው ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ አምባሰል ተራራ ግርጌ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ቤት ነው። ጠዋት ቆሎ በኪሴ ይዤ፣ የጭነት መኪና አቧራ እየጠጣሁ እሄዳለሁ፤ ምሳዬ ዓሣ አጥማጆቹ ጠብሰው የሚሸጡት ቆሮሶ ነው። እናት አባታችን ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገኝ ሰይድ ነው። ያሳደገኝም በዱላ ነው። እኔም ከሱ አልተሻልኩም፤ በሠፈሩ «የነሰይድ ቤት ሰላምታውም ጠብ ነው» ይባል ነበር። ወሎ ደግ ነው ይባላል አይደል? ደግነቱ እኛ ደጃፍ ሲደርስ መንገድ ይስታል መሰለኝ።

በዚያ ቤት ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር የወንድሜ ሚስት ዘሀራ ብቻ ነበረች። ከተጋቡ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ ግን የለም። ስለዚህ ነገር ማንም አያወራም፤ ምሳ ስንበላ ግን አብሮን ገበታ የሚቀርብ ይመስል ነበር። ሰይድ ዘር ሳይተካ ቢሞት መሬቱ የማን እንደሚሆን ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የኔ ነው የሚሆነው።

ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አንድ ባለሙያ ጥሎት የሄደ የእንግሊዝኛ መጽሔት አገኘሁ። ገለጥ ባደርገው ዝርግ ሳህን ላይ የቆመ ደን! ደን እኮ ነው የምላችሁ፤ ከነጥላው፣ ከነጥልቀቱ፣ ቁመቱ ግን ከክንድ አያልፍም። እኛ ደግሞ ጠማማ የወጣ የጽድ ችግኝ በየቀኑ እየነቀልን እንጥላለን። ለምን የኔን አምባሰል አልሠራም? አልኩ። መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሳምንት ሙሉ አነበብኩት። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን ስለሚል ከሚጣሉት ውስጥ ሰባት ጽድ መረጥኩ። ምነው አምስት ባደረግኳቸው ኖሮ!

ሥራው ጭካኔ ይፈልጋል። ዋናውን ሥር በመቀስ ቆርጦ ቀጫጭኑን ብቻ ማስቀረት ነው። የአሮጌ በርሜል ቂጥ በመሮ ቆርጬ አወጣሁ፤ ውሃ እንዲያፈስ በምስማር በሳሳሁት፤ የሐይቅ ዳር አሸዋና የደን አፈር በወንፊት ነፍቼ ሞላሁበት። ረጅሙን ወደ ፊት፣ አጫጭሮቹን ወደ ኋላና ወደ ጎን አቆምኳቸው፤ ሲያዩት ሩቅ እንዲመስል። ነፋስ እንዳይጥላቸው ሥራቸውን ከበርሜሉ ጋር በሽቦ አሰርኩ። ቅርንጫፎቹን ደግሞ በሽቦ ጠምጥሜ እያጎበጥኩ እንደ ሽማግሌ ዛፍ አስጎነበስኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ውስጥ እምቢ ሲሉኝና በግድ ሳጎብጣቸው ደስ ይለኝ ነበር። ዱላ ጠግቦ ያደገ ሰው እሱም የሚያሳርፍበት ይፈልጋል።

ሽቦው ቅርፊቱን እንዳይበላው ከሥሩ ጨርቅ መጠቅለል ያስፈልግ ነበር። «አሮጌ ጨርቅ የለሽም?» አልኳት ዘሀራን። ያለቀ ቀይ ሻሿን ሰጠችኝ፤ ቀዳድጄ ጠቀለልኩበት። ፍየል እንዳይበላብኝ ጓሮ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር በእሾህ ከልዬ አኖርኩት። ለሰይድ አላሳየሁትም። «ጅል!» ብሎ በእግሩ እንደሚረግጠው ልቤ ያውቃል።

ሥራ ስውል የምታጠጣልኝ ዘሀራ ነበረች። በመዳፏ ውሃ እየዘገነች ቀስ አድርጋ ትረጫቸዋለች። «ሲያድጉልን ከጥላቸው ሥር እንቀመጣለን» አለችኝ አንድ ቀን።

«አያድጉም። እንዳያድጉ እኮ ነው የማደርጋቸው።»

«ውይ! ምን በደሉህ?» አለችና ሳቀች። ያንን ሳቋን አሁንም አልረሳውም።

ሁለት ክረምት አለፈ። ዛፎቹ ግንዳቸው ወፈር፣ ቅጠላቸው ጥቅጥቅ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳያቸው የተራራውን አፋፍ የማይ ይመስለኝ ነበር። እኔ በዚህ ስኮራ ሰይድ ለካ ከሠፈራችን ሸኽ ተደብቆ አንድ አዋቂ ዘንድ ሄዷል። አዋቂው «በግቢህ የታሰረ ነገር አለ፤ እሱ ካልተፈታ ሚስትህ አትወልድም» ብሎታል። በኛ አገር ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። የሴት ማህፀን የሚታሰረው የለበሰችውን ወስዶ ከማያድግ ነገር ጋር አስሮ በመሸሸግ ነው ይባላል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት ነገር ነው፤ ግን አንዴም ትዝ አላለኝም። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው።

እሁድ ከሰዓት ነበር። መስከረም፣ የበቆሎ እሸት ሽታ ከየቤቱ ይመጣል። ጓሮ ቁጢጥ ብዬ በመቀስ ቅጠል ስከረክም ሰይድ ዱላውን ይዞ ከኋላዬ ደረሰ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዛፍ ነው፣ አያ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ሽቦውን አየ። በከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። «ሰባት» አለ። «ዘሀራን ካገባሁ ሰባት ዓመቴ። ይኼ ሻሽ የማን ነው?»

«የሷ ነው፤ እሷ ናት የሰጠች...»

አላስጨረሰኝም። ዱላው ሲመጣ አላየሁትም፤ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ግራ ክንዴ እንደ ማሽላ አገዳ ቀጭ አለ። «ለመሬቱ ነው? ለመሬቱ ብለህ ነው ዘሬን ያሰርከው? ያሳደግኩህ ለዚህ ነው?» እያለ ትከሻዬን፣ ጀርባዬን፣ ራሴን ይደበድበኛል። ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ። በቀኝ እጄ መቀሱን እንደያዝኩ ነበር። ሰነዘርኩና ጭኑ ውስጥ እስከ እጀታው ሰካሁት። ሽርጡ በአንዴ በደም ራሰ። ወደቀ፤ ወድቆም ዱላውን አልለቀቀም፤ ተቀምጦ ቅልጥሜን ይመታኛል።

ማስረዳት እችል ነበር። መጽሔቱ ቤት ውስጥ፣ ከትራሴ ሥር ነው፤ ሥዕሉን ባሳየው ይበቃ ነበር። ግን ሰው እየደማ ያስረዳል? ሌላው ያስረዳ ይሆናል፤ እኔ አላስረዳሁም። ከመቀሱ የባሰ ነገር ልወጋው ፈለግኩ። «አዎ!» አልኩ። «አዎ አስሬያታለሁ! ዕድሜ ልክህን ዘር አታይም! ስትሞት መሬትህን እኔ አርስበታለሁ!»

ዘሀራ ልትገላግል እየሮጠች ነበር። ቃሌን ስትሰማ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይመር?» አለችኝ። «የታሰርኩበትን በገዛ እጄ ሳጠጣ ነው የኖርኩት?»

«ውሸቴን ነው! ወላሂ ውሸቴን ነው ዘሀራ! ተናድጄ ነው!» አልኩ። ማን ይስማኝ? ከእንጨቱ ክምር ላይ ምሳሩን አነሳች። ያቺ ትንኝ የማትገድል ሴት ሰባቱንም ዛፍ አንድ በአንድ ከተከተቻቸው፤ ሽቦውን በጥርሷ ሳይቀር በጠሰችው፤ ከንፈሯ ደማ። በርሜሉን ገልብጣ እስኪጣመም ቀጠቀጠችው። ጎረቤት ደርሶ እኔንና ሰይድን ሲያላቅቀን እሷ ገና እየቀጠቀጠች ነበር። እኔን በዚያው ቀን ሐይቅ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ፤ ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልተመለስኩም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ሽማግሌ ያስታርቀን ነበር። ወንድም ከወንድሙ ተጣልቶ ቀረ ተብሎ አያውቅማ። ግን ሦስት ወር ሳይሞላ ዘሀራ አረገዘች።

እንዴት እንደሆነ አላህ ያውቃል። አገሩ ግን «ይኸው፣ ተፈታች!» አለ። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሀሊማ አሏት። ያቺ ሕፃን አፍ ሳትፈታ መሰከረችብኝ። ሽማግሌዎች ከሰይድ መልእክት ይዘው መጡ፤ «ጥፋቱን አምኖ ይምጣ፣ እኔ አፉ ብዬዋለሁ» ብሏል አሉኝ። ያልሠራሁትን አፉ ሊለኝ! ሽማግሌዎቹን ቆሜ ሳልሸኛቸው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ገበያ ስንገናኝ እሱ በአንደኛው ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር አለፍን። ዘሀራ ስትሞት ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ። የሚያንገበግበኝ እሷ ነች፤ የምድር ክፉ እንደሆንኩ እያመነች አፈር ገባች።

ባለፈው ረመዳን፣ ለማፍጠር ጥቂት ሲቀር በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ ሰይድ ነው። ሸብቶ፣ ጎብጦ፣ ያንን እግሩን እየጎተተ። ሠላሳ ዓመት ይህን ቀን ጠብቄ፣ የምለውን ሁሉ እንደ ቁርኣን ተማሪ በቃሌ አጥንቼ ነበር። መጥቶ «በድዬሃለሁ» ሲለኝ እንዴት አድርጌ እንደማዋርደው ሳይቀር አውቀዋለሁ።

እሱ ግን ያንን አላለም። «ሀሊማ ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው» አለኝ። «አልወለደችም። ባሏ ሊፈታት ነው። ይመር፣ እኔን ከፈለግህ ግደለኝ። እሷን ፍታልኝ።» ብሎ ታላቄ፣ ያሳደገኝ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ያዘ።

ደሜ ፈላ። እናቷንም አላሰርኩ፣ እሷንም አላሰርኩ ልለው አፌን ከፈትኩ። እጆቹን አየኋቸው፤ ያኔ ወድቆ እንኳ ዱላ ያልለቀቁት እጆች ጉልበቴን ይዘዋል።

«አብሽር፣ አያ» አልኩት። «ፈትቻታለሁ። ሂድና ፈትቷታል በላት።»

አለቀሰ። ቴምር አቀረብኩለት፤ አብረን አፈጠርን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሀሊማን ወሬ እጠብቃለሁ። ከወለደች፣ ከአምባሰል እስከ ሐይቅ ንጹሕ ነኝ ብል የሚያምነኝ አንድ ሰው አይኖርም፤ የገዛ ልጆቼም አያምኑኝ። ይኼን አውቄ ነው የተናገርኩት፤ ሌሊት ሌሊትም ይቆጨኛል። ሱብሒ ሰግጄ እጄን ስዘረጋ ግን ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ያ ረቢ፣ ለዚች ልጅ ልጅ ስጣት፤ እኔን ጥፋተኛ አድርገኝ።