ፉጨት የሚጠብቀው ውሻ

የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር። ወንድሜ፣ እኔና ውሻው ከሰፈራችን ከወሰን በላይ ያለውን ዳገት ወጣን። እነሱ ሮጡ ማለት ይሻላል፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ቀለበት መንገዱ ገና እየተሠራ ስለነበር ከላይ ሲታይ መገናኛ አቧራ ብቻ ነው።

«ና እንጂ ሽማግሌ!» አለኝ ወንድሜ። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ።

«መንገዱን እየጠበቅኩላችሁ ነው።»

«ማንም አይወስደውም፤ ና!»

ውሻው የአደን ዘር ነው፤ ነጭ ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ ያለው። ወንድሜ በሚሠራበት ጋራዥ መኪናውን ያሠራ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰጠው። መጀመሪያ እንደ ሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቀን አሰርነው፤ ጥሩ ዘበኛ እንዲሆን ብለን። አንገቱን በሰንሰለት አቆሰለ፣ በሩን በላ፣ የእናቴን ነጠላ ከገመድ አውርዶ ቀደደ። ለማያውቀው ሰው ሁሉ ግን ጭራውን ይቆላል። በመጨረሻ ወንድሜ ፈታው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ከሥራ በፊት ያስሮጠው ነበር።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ቆቅ ሲሸተው አንድ እግሩን አንስቶ ድርቅ ይላል። ወንድሜ በሁለት ጣቱ እስኪያፏጭለት አይነቃነቅም። አድነን አናውቅም፤ ማየቱ ይበቃን ነበር። ቤት ስንገባ ከጆሮው ላይ ጭጎጎት የሚለቅምለትም ወንድሜ ነው።

«ፉጨቱን ተማር» ይለኛል።

«ነገ» እለዋለሁ። ያን እሑድም እንደዚያው አልኩት።

ሰኞ ጋራዥ ውስጥ በክሪክ የቆመ መኪና ወንድሜ ላይ ወደቀ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ማክሰኞ ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ ውሻው ከድንኳኑ ጀርባ ታስሮ ያላዝናል። ለቀስተኛው ማጉረምረም ጀመረ። አጎቴ ላምበረት መጋዘን አላቸው።

«ነገ መኪና ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ» አሉ። «እዚያ ታስሮ ይጠብቅ። እዚህ ማን ያስሮጠዋል?»

ወደ እኔ አዩ።

ረቡዕ ማለዳ ፈታሁት። ሠልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ ያውም ለሩጫ።

«ምነው ልጄ? ወንድምህን ትናንት ቀብረህ?» አሉኝ አንዲት ጎረቤታችን። ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት፤ ሁለቴ ወድቄያለሁ።

ውሻው ባሕር ዛፉ ውስጥ እግሩን አንስቶ ቆመ። ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከተትኩ። አየር ብቻ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ። አልተነቃነቀም፤ ዓይኑ ብቻ ከኋላዬ ሰው ይፈልጋል። ቆቋ ራሷ ተነስታ በረረች። እሱ ግን እንደቆመ ነው። ሄጄ አንገቱን አቀፍኩት፤ የተነሳውን እግሩን በእጄ ይዤ መሬት አስረገጥኩት።

ስንመለስ አጎቴ ማልደው መጥተው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። በጤዛ የራሰ ጫማዬን አዩ። ደጃፉ ላይ መሬት ቁጭ አልኩና የውሻውን ራስ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጭጎጎቱን መልቀም ጀመርኩ።

«አጎቴ፣ መኪናው ይቅር» አልኳቸው። «ነገም አወጣዋለሁ።»

ከዚያ ሌላኛውን ጆሮውን ያዝኩ።