የወርቅአየሁ ተራኪ

ጌድዮን በየማለዳው የስፌት መኪናውን ከሱቁ ወደ በረንዳው ያወጣል፤ ዘይት ጠብ ያደርግበታል፤ ክሩን በመርፌው ያሳልፋል፤ ደንበኛው ገና ሳይቀመጥም ወግ ይጀምራል። ሱሪ የሚያሳጥር ልብስ ሰፊ፣ እዚህ እንደሚሉት ፉንዲ፣ በሞያሌ በየጥጉ አለ። ሰው እሱን የሚመርጠው ሌሊት ሌሊት ድንበር እየተሻገረ የሁለት መንግሥት ሣር ስለሚበላው አንካሳ ግመል ለመስማት ነው። አባቱ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳሉ ግመሉን በዓይኔ አይቻለሁ ይሉ ነበር፤ ቀሪውን ጌድዮን ጨምሮበታል።

ሚስቱ ወርቅአየሁ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት ዘንድሮ በማታው ክፍል ቀጥላለች። እንግሊዝኛ የሚያስተምራት ዴኒስ የሚባል ወጣት ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ ቤቱን አዳዲስ ቃላት ሞሉት፦ ፕሎት፣ ሴቲንግ፣ ቶን፣ ክላይማክስ። ወጥ እያማሰለች ትደጋግማቸዋለች። ጌድዮን መጀመሪያ ሳቀባቸው። አጠገቡ ጨርቅ የምትሸጠው ጣይባም "ፉንዲ፣ የሰፋህልኝ ቀሚስ እኮ ክላይማክስ የለውም" እያለች አዳመቀችው። ቃላቱ ተረት የሚመዘንባቸው መሆናቸው ሲገባው ግን ሳቁን ተወ። ዕድሜ ልኩን ሲተርክ አንድም ሰው መዝኖት አያውቅም። ስቀው፣ ልብሳቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፣ በቃ።

ከዚያ ዴኒስ የቤት ሥራ ሰጠ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ተራኪ ፈልጎ ተረቱን በስልክ ይቀዳል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አተራረኩንም በእነዚያው ቃላት ይተነትናል። የተራኪው ስም ከወረቀቱ አናት ላይ ይሰፍራል። ጌድዮን ይህን እንደሰማ ሄዶ ፀጉሩን ተስተካከለ። እንድትቀዳው ሰኞ ጠበቀ፤ ማክሰኞም ጠበቀ። ረቡዕ ማምሻውን ወርቅአየሁ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ስትከፍተው መጀመሪያ የተሰማው የሀልካኖ ሳል ነበር።

ሀልካኖ የሄሉ ሰፈር የከብት ደላላ ነው። ስለ ቀበሮና ስለ ጅብ በቦረንኛ ይተርካል፤ ያስላል፤ ይረሳል፤ "ቆይ፣ ከዚያ በፊት" ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጌድዮን ጀርባውን ሰጥቶ ልብስ የሚያጣጥፍ መስሎ አዳመጠ። ጅቡ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከስልኩ ትንፋሽ የሚያሳጥር የሴት ሳቅ ተሰማ። የሚስቱ ሳቅ ነው። ያንን ሳቅ ቤቱ ውስጥ መቼ እንደሰማው ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

"ይሄ ሽማግሌ መተረክ ይችላል እንዴ?" አለ።

"ሰስፔንሳቸው፣ ልብ ማንጠልጠላቸው ግሩም ነው" አለች ሳትዞር። "የት ዝም እንደሚሉ ያውቃሉ።"

"ያስላል እንጂ መች ዝም ይላል!"

በማግስቱ በረንዳው ሲሞላ ግመሉን ተወና የሀልካኖን ተረት ያዘ። ሳሉን አስመሰለ፤ አፉን አጣመመ፤ "ቆይ፣ ከዚያ በፊት" እያለ ደጋግሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጣይባ ሆዷን ይዛ "ኧረ ገደልከን!" አለች። ወርቅአየሁ ከገበያ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች። አልሳቀችም።

እራት ላይ ጌድዮን መታገስ አልቻለም።

"እንዴት ነበር?"

"ቴክኒክህ ከጋሽ ሀልካኖ ይበልጣል። ቶንህ ግን ክፉ ነው።"

"ቶን ደግሞ ምንድን ነው?"

"ተራኪው ስለሚያወራው ነገር ያለው ልብ።"

ጌድዮን የያዘውን ቁራሽ መልሶ አስቀመጠ። "አገር የሚሰማውን ባልሽን ትተሽ የሰው ሳል ቀድተሽ መጣሽ። ስሜን መጻፍ አሳፈረሽ አይደል?"

"ምን ያሳፍረኛል?" አለች። "አንተ የምትተርከው በረንዳ ላይ ነው። ቤት ስትገባ 'ጨው አንሶታል' ካልክ ብዙ አወራህ። ግመሉን እንኳ የሰማሁት ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ ነው። ጋሽ ሀልካኖ ፊቴን እያዩ፣ ካልሳቅኩ እየደገሙ ነገሩኝ። ዴኒስ ኦዲየንስ የሚለው እሱን ነው። እዚያ እኔ ሰሚ ነበርኩ።"

 

ቅዳሜ ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ወርቅአየሁ ፊት ለፊት ተቀመጠና ግመሉን ከመጀመሪያው ጀመረላት። ጣይባ ሁልጊዜ የምትጮህበት ቦታ ሲደርስ በልማዱ ቆም አለ። የሚጮህ አልነበረም። 

"ከዚያስ?" አለች እጇን አገጯ ላይ አድርጋ።

ቀጠለ። ግመሉ ሁለተኛውን ድንበር ጠባቂ ሲያልፍ ወርቅአየሁ አንዴ ሳቀች፤ አጭር ሳቅ፣ በስልኩ የሰማውን የማያህል። ተረቱ ሲያልቅ ጌድዮን ስልኳን አየ። ተደፍቶ ነበር።

"አልቀዳሽውም?"

"የቤት ሥራው ተጽፎ አልቋል" አለች። "ይሄ ለእኔ ነው።"

መደሰት እንደሚገባው ያውቃል። ያም ሆኖ ዓይኑ ከስልኩ አልተነቀለም።

ሰኞ ወረቀቱ የሀልካኖን ስም አናቱ ላይ ይዞ ለዴኒስ ተሰጠ። ዴኒስ አንብቦት ተራኪው ሐሙስ ክፍል መጥቶ እንዲተርክ ጠየቀ። ማክሰኞ ጠዋት ሀልካኖ አንድ አሮጌ ኮት በክንዱ ይዞ በረንዳው ላይ ወጣ።

"ፉንዲ፣ እጅጌውን ለሐሙስ አሳጥርልኝ። ሚስትህ በስተርጅና ትልቅ ሰው አደረገችኝ" አለና ሳለ።

ጌድዮን ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ክንዱን ለካው። "ረቡዕ ይደርስልዎታል" አለ።