ከአሮጌው መደብ የመጣ አፈር

የክሊኒካችንን አትክልተኛ «ጋሼ ሽንኩርት» ነው የምንላቸው። የሚተክሉት የሊሊ አበባ ሥር ሽንኩርት ይመስላል፤ እሳቸው ደግሞ ሁለት ሦስቱን ሁልጊዜ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። አይቆጡም። «ሽንኩርት የሚያስለቅሰው የላጠውን ነው» ብለው ያልፉናል።

እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፤ መስኮቴ የአበባ መደባቸውን ያያል። ሃያ ሁለት ዓመት ደክመውበታል። አምና አባጨጓሬ ገባና ቅጠሉን ወንፊት አደረገው። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ፣ «ዘንድሮም ካላበበ ሲሚንቶ አስፈስሼ መኪና ማቆሚያ አደርገዋለሁ» አለች። አትክልት ለሌለው ግቢ ደግሞ አትክልተኛ አይቀጠርም፤ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል።

ደህና የቀሩትን ሥሮች ነቅለው በሳሙና ውሃ አጠቡና ከግንቡ ጥግ አዲስ መደብ ሠሩላቸው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየገለበጡ እንቁላል ሲያገኙ በአውራ ጣታቸው ይጨፈልቃሉ። መድኃኒት ይረጭ ብላቸው «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብለው አፌን አስያዙኝ። ግትርነታቸው ያናድደኛል። ግን እንቡጡ ብቅ ሲል ወረፋ የያዘ በሽተኛ ጥዬ ወጥቼ አየሁት።

አንድ ማክሰኞ ቅጠሉ ሁሉ ተኝቶ አደረ። ቆፍረው አንዱን አወጡ። እንደ ራሰ ዳቦ እጃቸው ላይ ፈረሰ፤ ውስጡ ያው የአምናው ጥቁርና ቢጫ ትል ይርመሰመሳል።

«ከየት መጣ ጋሼ? አጥበዋቸው አልነበር?»

«ሥሩንማ አጥቤዋለሁ።» መሬት ላይ ተቀመጡ። «አፈሩን ግን ከአሮጌው መደብ ሦስት ባልዲ አመጣሁላቸው። አዲሱ ቦታ ባዳ እንዳይሆንባቸው ብዬ። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ትሉ ራሱን ሸፍኖ የሚተኛው አፈር ውስጥ ነው፤ ይሄን እኮ አውቃለሁ ልጄ።»

«የተረፈ አይጠፋም» አልኩ፤ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገብተው «ትሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሲሚንቶውን ያስመጡ» አሏት።

ሐሙስ ግንበኞቹ መጥተው ሁለቱንም መደብ ደልድለው ሲሚንቶ አፈሰሱበት። ፎርማኑ ሲጨርስ፣ «ሲሚንቶ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ የሚያጠጣ ሰው አላችሁ?» አለ።

ሥራ አስኪያጇ ወደ እሳቸው አመለከተች።

ሰባት ቀን ሲሚንቶ አጠጡ። በስምንተኛው ቱቦውን ጠቅልለው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በመስኮቴ ሰጡኝና ሄዱ።