አያ በትሪ ያመጡት ማካሮኒ

አያ የምንላቸው አጎታችን ጎንደር ውስጥ ለአንዲት አሜሪካዊት ነርስ ምግብ ያበስሉ ነበር። አንድ ፋሲካ ከእሷ የተማሩትን ማካሮኒ በበሬ ሥጋና በአይብ ጋግረው በትልቅ ትሪ አመጡልን። እኛ ልጆች ሽታው ገና ከበር ሲደርሰን በደስታ ዘለልን። ቄስ የነበሩት አባታቸው ግን፣ «የፈረንጅ ምግብ እዚህ ቤት አይገባም» አሉ።

አያ ትሪውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «አባቴ፣ ሥጋው እኮ እርስዎ ከባረኩት ከራሳችን ቅርጫ ነው» አሏቸው።

ቄሱ ጥቂት አሰቡና አንድ ጉርሻ ቀመሱ። ወዲያው ሳህናቸውን ዘረጉ።

«ምነው፣ ይህን ሸጋ ነገር እስከ ዛሬ ደበቅኸኝ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ አያ ያለ ማካሮኒ የመጡበት ፋሲካ የለም።

ዘንድሮ እኔ ሠራሁት። ልጆቹ እየተንጫጩ ከበቡት። እኛ ትልልቆቹ ግን አያ መጥተው የሚቆርሱልን ይመስል፣ ቢላዋ ሳናነሣ ብዙ ቆየን።