በሽቶ የታከመ ችፌ

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ጋሽ ሽቶ» ይሉታል። ማጅራት ላጭቶ፣ ሽቶ መዳፉ ላይ ገልብጦ ጧ ሳያደርግ ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። ምላጭ የነካውን ሁሉ ሽቶ ያድነዋል ብሎ ያምናል፤ ሃይማኖቱ ይኸው ነው ቢባል አይቀየምም።

ታዲያ እጁን ችፌ ሲይዘው ምን ያድርግ? ሽቶ ቀባው። ጣቶቹ መሃል የጀመረው ማሳከክ ወደ መዳፉ ወረደ፤ ቆዳው ቀላ፣ ተሰነጠቀ። እሱም ሽቶውን ጨመረ። ሲያቃጥለው «አሁን ገና ያዘው!» እያለ በአንድ እግሩ ይዘላል።

ጥፋተኛ ፍለጋውማ ጉድ ነው። መጀመሪያ እንቁላልን ከሰሰ፤ ቀጥሎ ቲማቲምን፣ ከዚያ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ቀጥሎ የአማቱን ድመት።

«ድመቷስ ትሁን! ቀጥሎ እኔን ልትከስ ነው?» አለች ሚስቱ።

አስቦትም ነበር፤ ድፍረቱን አጣ እንጂ።

ቀልዱ ግን ከላይ ከላይ ነበር። ሴት ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እሱ ቤት ተኝታለች። ችፌው ወደ ሕፃኗ ይጋባል ብሎ ክፉኛ ፈራ፤ ፍርሃቱንም ለማንም አልተነፈሰም። «አባዬ፣ እስቲ ያዛት» ስትለው «ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ውልቅ ይላል። የምን ደንበኛ! እጁን እያዩ ቀርተዋል። ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን እያከከ ሕፃኗን ይናፍቃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሲብስበት ጊዜ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ እጁን አገላብጣ አየች።

«ምን ይቀቡታል?»

«ሽቶ።»

«ለምን?»

«እንዲድን ነዋ!»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። ችፌውን የሚቀሰቅሱት ሽቶው፣ የፀጉር ቀለሙና ቀኑን ሙሉ በሳሙና መታጠቡ ሳይሆኑ አይቀሩም አለችው። ሽቶውን እርግፍ አድርጎ እንዲተው፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ እጁ እርጥብ እንዳለ ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት እንዲቀባ፣ ቀለም ሲነካ ጓንት እንዲያደርግ ነገረችው። ለቀላው ቆዳ ለጥቂት ጊዜ የሚቀባ መድኃኒትም ጻፈችለት። «አንዳንዴ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ እንዳይደነግጡ» አለችው።

«ሕፃን ብታቀፍስ… ይጋባል?»

«በፍጹም አይጋባም።»

ቤት የደረሰው በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ታጠበ፣ ቅባቱን ተቀባ፣ ሴት ልጁ አልጋ አጠገብ ሄዶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«በይ አምጫት! ችፌው አይጋባም አሉኝ። እኔ ጅል ወደሷ እንዳይጋባ ስሸሽ ከረምኩ። ለካ በሽታውን በሽቶ ስቀልበው የኖርኩት እኔው ራሴ ነኝ!»

ልጁ አልሳቀችም። ሕፃኗን እያቀበለችው ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አባዬ» አለችው፣ «እኔ እኮ ልጄን ያልወደድካት መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ሽቶ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስጠግቶ አለቀሰ።