ከዱቄት ጋር ተጭኖ የሄደ ደብተር

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ

መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ጋቢዬን ደጋግሜ እጠቀልላለሁ። ብርዱ ነው እንዳልል የማርቆስን ብርድ የለመድኩ ሰው ነኝ። ፈርቼ ነው። ጉዞ የሚጽፉ ሰዎች ሁሌ ደስ ብሏቸው ሲነሱ አነባለሁ፤ እኔ የተነሳሁት ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን ነው። ለአሠሪዬም «ዘመድ ሞቶብኛል» ብዬ ዋሽቻለሁ።

የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ ከማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነው። የተማሩ ሰዎች «ከሥራህ ጋር እንዴት ታስኬደዋለህ? መቼ ትጽፋለህ?» ይሉኛል፤ ጊዜ በትሪ የሚቀርብላቸው ሰዎች ናቸው። ቆሜ ነው የምጽፈው። ደብተሬን በሲባጎ አስሬ ከዱቄቱ መውጫ በላይ ካለው ምስማር ላይ አንጠለጥለዋለሁ። አንድ ጆንያ ስንዴ እስኪፈጭ አራት መስመር እጽፋለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በዓሌ ነው። ከመናኸሪያው መጽሐፍ አከራይ የተከራየሁትን ልብ ወለድ አወጣለሁ፤ ወይም ዝም ብዬ እሰማለሁ። ወፍጮው ጸጥ ሲል ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ያንጎራጉራሉ። የእርሻውን፣ የሠርጉን፣ የለቅሶውን። ደብተሬ የሞላው በእነሱ ነው።

ይታይሽ የምትባል ደንበኛ አለችኝ። (የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ።) ከሦስት ዓመት በፊት ከሮብ ገበያ በላይ ባለው አገር ወንድሟን በጥይት ገደሉባት። ገዳዩ አልታወቀም። እሷም ሽማግሌ ፊት ቆማ «የምጠረጥረው ሰው የለኝም» ብላ ምላለች። የማለችው ለልጇ ነው። ምኒችል የሚባል አንድ ልጅ አላት፤ የሟቹን መሬት ይዞ እዚያው ያርሳል። እናቱ ስም ከጠራች ያ ስሙ የተጠራው ሰው ልጁ እስኪበቀለው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ይቀድመዋል።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ወንድሟን በሙሾ ታለቅስ ጀመር። በመጨረሻ ስሙን ጠራችው፤ የጠረጠረችውን ሰው፣ ከነአባቱ፣ ከነአገሩ። ድንግጥ ብላ እጄን አየች።

«ያችን እንዳትጽፋት» አለችኝ።

«እሺ እትዬ» አልኳት።

ከወጣች በኋላ ጻፍኳት። ለምን? ደብተሬ ውስጥ ካለው ሁሉ ትበልጥ ነበር። ሌላ ምክንያት ቢኖረኝ እነግራችሁ ነበር።

ሰኞ ዕለት እየፈጨሁ ቺንጋው፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰ። ሞተሩን ላጠፋ ሮጬ ሄድኩ። ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ ሲባጎው ላልቶ ኖሯል፤ ደብተሬ ሥሩ ከተደገነው ጆንያ ውስጥ ወደቀ፤ የጆንያውም ባለቤት አፉን ሰፍቶ ጭኖ ሄደ። ማታ ምስማሩን ስዳብስ ባዶ ነው። የመጨረሻው ጆንያ የማን እንደነበር አልጠፋኝም። የሮብ ገበያው ወፍጮ ተበላሽቶ ለአባቱ ተዝካር ሊያስፈጭ ማርቆስ ድረስ የወረደ ሰው ነው። አያ ሙላት ይባላል። ይታይሽ የጠራችው እሱን ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ አይሱዙ ላይ

ሰው፣ ጨው፣ ጎማ ጫማና ሦስት ፍየል ተጭነናል። ክፍያው አሥራ ሁለት ብር ነው። ገቢና ያስገባኝ ሾፌሩ ነው፤ ፊቴን አይቶ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ገበያ ነህ ለቅሶ?»

«ደብተር ልፈልግ ነው።»

«ማርቆስን የሚያህል ከተማ ደብተር ጠፍቶ ነው ሮብ ገበያ የምትገዛው?» ብሎ በመስኮቱ ወደኋላ ጮኸ። «ስሙልኝማ! ደብተር ፍለጋ ነው አሉ!»

ከላይ የተጫኑት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሾፌሩ የማሲንቆ ካሴት ከፈተ። ሌላ ቀን ቢሆን «መልሰው» ብዬ ግጥሙን እለቅም ነበር። ዛሬ አንዱንም ስንኝ አልሰማሁትም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ የገብስ ክምሩ እየበዛ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ጮቄ በኩል ደመናው ከመሬት ጋር ተጣብቋል።

ሦስት ሰዓት፤ ሮብ ገበያ

ገበያው ሞልቷል። የድንች ቁልል፣ የበግ ጠጉር፣ በፈረስ የመጣ ገብስ፣ ጥቁር በርኖስ የለበሰ ወንድ ሁሉ። ግማሹ ጠመንጃ አንግቷል። ወትሮ አላየውም፤ ዛሬ ግን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

በሚጥሚጣ የሚበላ ትኩስ ድንች ቅቅል በሁለት ብር ገዛሁ። ሻጯ ሴትዮ ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች።

«ለተዝካር ከተፈጨው ዱቄት ውስጥ አሉ! ቁልጭ ያለ ደብተር።»

«በስመ አብ! ድግምት ነዋ!»

«ሌላ ምን ይሆናል? ሙላት እንደሁ ጠላት አያጣም። ሚስቱ ዱቄቱንም አልነካ ብላለች። የኔታ ዛሬ ወጥተው ሊያነቡላቸው ነው።»

ድንቹን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። አያ ሙላት ቤት የሚያነብ ሰው የለም ብዬ ተጽናንቼ ነበር የመጣሁት። መንገዱን ጠየቅኳት።

«ባለ ነጭ ጥምጣሙን የኔታን ተከተላቸው፤ ያውልህ፣ እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

አራት ሰዓት፤ ዳገቱ ላይ

የኔታ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የቅኔ መምህር። ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ይገሰግሳሉ። ደረስኩባቸው። እኔ አለከልካለሁ፤ እሳቸው አይተነፍሱም።

«ምን የያዘህ ሰው ነህ? በዚህ ብርድ እንዲህ የሚያልብህ?»

«ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፣ የኔታ።»

«ወፍጮ ያልባል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ከአንድ ማሳ አጠገብ ስንደርስ በመስኖ ያበቀለውን ድንች የሚኮተኩት ጎልማሳ ቀና አለ። የእናቱ ግንባር፣ የእናቱ ዓይን። ምኒችል ነው። የኔታ መስቀል አሳለሙት። ወደኔ ዞሮ የከተማ ልብሴን አየና «ከማርቆስ ነዎት? እማዬን ያውቋታል?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት። «ደህና ናት» አልኩት ደግሜ። የአያ ሙላት ቤት ቆርቆሮ ከማሳው በላይ ይታያል፤ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው።

እልፍ እንዳልን ሁሉንም ለየኔታ ዘረገፍኩት። እርምጃቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አትጻፍ ብላህ ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

«ለምን?»

«ያምር ነበር።»

ቆሙ። «እኔ ደቀ መዛሙርቴን በየቀኑ ቅኔ አስቆጥራለሁ። ለዕለቱ ይባላል፤ ነገ ያንኑ ደግሞ የሚያመጣ ይሰደባል። ስንት ያማረ ነገር በአየር ላይ ቀርቷል መሰለህ? ቀረ ብዬ አላለቅስም። አንተ ትናንት ፊደል ብትቆጥር የሰማኸውን ሁሉ ማሰር አማረህ።»

«የኔታ፣ ያችን ገጽ ይዝለሉልኝ።»

«ከሰጡኝ የተጻፈውን አነባለሁ። በስተርጅና ሐሰት አላነብም።»

ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ሽቅብ ቀጠሉ። ወደኋላ ልመለስ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው። እግሬ ግን ተከተላቸው።

ስድስት ሰዓት ግድም፤ አያ ሙላት ቤት

ክላሹ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ዱቄቱ ጥግ ላይ ቆሟል። ደብተሬ መሬት ላይ ነው፤ ቅርጫት ደፍተውበታል፤ ዙሪያውን ጸበል ረጭተውበታል። ስንት ዓመት የደከምኩበት ደብተሬ፣ እንደ እባብ።

አያ ሙላት ወፍራም አንገት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ለየኔታ ተነሣላቸው፤ እኔን አየኝ። «አንተ የወፍጮው ሰውዬ አይደለህም?»

«ነኝ። ደብተሩ የኔ ነው፣ አያ ሙላት። ወድቆብኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። «ምን ተጽፎበታል?»

«ዘፈን ነው፣ እመቤቴ። ወፍጮ ቤት የሚዘፈን።»

«አገር ምድሩን ያስደነገጠው ዘፈን ነው?» አለ አያ ሙላት። ቅርጫቱን በእግሩ ገልብጦ ደብተሩን አነሳና ለየኔታ ዘረጋላቸው። «እስቲ ያንብቡት። ሁሉንም። ከመጀመሪያው።»

የኔታ ገለጥ አድርገው አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ደብተሩን ደረቴ ላይ ለጠፉት። «ይህ ጽሕፈት አይደለም፣ ዶሮ የጫረው ነው። ጫሪው ራሱ እዚህ ቆሟል፤ እሱ ያንብብ።»

አነበብኩ። የእርሻ ዘፈን፣ የሠርግ ዘፈን። ሚስቱ አንዱን ታውቀው ኖሮ አብራኝ አለችው። የኔታ ከትከሻዬ ኋላ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ነው። ገጹን ስገልጥ ያቺ የይታይሽ ሙሾ መጣች። ስሙ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ስም።

ሁለት ገጽ ልገልጥ ጣቴን ሰደድኩ፤ ላብና ዱቄት አጣብቆታል። አያ ሙላት እጄን ያያል።

«ምነው ዝም አልክ?»

ሁለት መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን የሚፈጅብኝ ሰው ነኝ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ አፌ የሚለውን ሳላውቅ ጀመርኩ።

ከወፍጮ ቤት ውዬ ዱቄቱን ለበስኩኝ፣
ሳልሸመግል በፊት ሽበት አበቀልኩኝ፤
የሰው እህል ፈጭቼ ስገባ ከቤቴ፣
የኔ ቀን ጥሬ ነው አልላመም ሕይወቴ።

አያ ሙላት ጭኑን መታ። «ወይ ግሩም! ይቺን ድገማት እስቲ!»

መድገም። ምን ነበር ያልኩት? ድሮም ግጥም በቃሌ መያዝ አይሆንልኝም ነበር፤ መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ጭራሽ ትቼዋለሁ። «ከወፍጮ ቤት ውዬ ዱቄቱን ለበስኩኝ» አልኩ። «ሳልሸመግል በፊት... አመድ ተነሰነስኩኝ...»

«ቅድም ሽበት አይደል ያለው?» አለች ሚስቱ።

«ሽበት ነው ያልከው» አለ አያ ሙላት። ሳቁ ከፊቱ ሄዷል። «ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይነት ነው የተጻፈው?»

ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮው ተነሣ። ምሰሶውን አየሁ፤ ክላሹ ላይ ዝንብ አርፏል። ምኒችል ከታች ድንቹን ሲኮተኩት የዶማው ድምፅ ይሰማል፤ ደግ፣ ደግ፣ ደግ።

«አይ አንተ ሰው!» አሉ የኔታ ከኋላዬ። «ገና አፉን ከመፍታቱ ሰው ፊት ያነባል! እንዲህ ነው ያለው፤» ብለው አራቱንም ስንኝ፣ አንዲት ፊደል ሳይስቱ፣ በዜማ አስከትለው አሉት። አንዴ የሰሙትን አይረሱም። ሐሰትም አልተናገሩም፤ እኔ ያልኩትን ነው ያሉት።

አያ ሙላት እኔንም የኔታንም አየና ሳቀ። «ማንበቡን ለርስዎ ይተውልዎት!»

«ዱቄቱስ፣ የኔታ?» አለች ሚስቱ።

«ዱቄት ነው። ይጋገር።»

ጠላ ቀዱልኝ። የኔታ ጾም ናቸው፤ አልቀመሱም። እኔ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። አያ ሙላት ቁርበት የተነጠፈበትን መደብ ለቆልኝ፣ ሁለት ጊዜ በራሱ እጅ ደገመልኝ። ሰው ገድሏል? አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር፤ ጽሑፌ ግን ያውቅ ነበር።

አጥሩ ድረስ ሸኘኝ። ስንለያይ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይታይሽ ካንተ ዘንድ ነው የምታስፈጨው አሉ» አለኝ። «ሰላም በልልኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት፤ ቁልቁለቱ ላይ

ከየኔታ ጋር እታች ወንዙ ጋ ስንደርስ ስሙ ያለባትን ገጽ ቀደድኳት። ወንዝ ብጥላት የሚያነሳት አይጠፋም። እሳት የለኝም። አጣጥፌ አፌ ውስጥ ከተትኳት፤ አኘክኋት፤ የዱቄት ጣዕም አላት። የኔታ ዞር ብለው አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሮብ ገበያ ላይ ስንለያይ እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ።

«የኔታ፣ ያቺን የኔን ግጥም ይንገሩኝ፤ ልጻፋት።»

«አልነግርህም» አሉ።

(ከላይ ያነበባችኋት ከጊዜ በኋላ እየለቃቀምኩ ያስታወስኳት ናት። ልክ መሆኗን ርግጠኛ አይደለሁም።)

ቅዳሜ፤ ደብረ ማርቆስ

ይታይሽ መጣች። መብራት አልነበረም። ሌሎቹ እስኪርቁ ጠብቄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ መጻፌን፣ መውደቁን፣ ማን ጆንያ ውስጥ እንደወደቀ፣ የላከላትንም ሰላምታ። ብሰድባት እንኳ እንዲህ አታየኝም ነበር።

«ልጄን አየኸው?»

«አየሁት። ድንች ይኮተኩታል።»

ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች።

«መንገዱን ጻፈው» አለችኝ። «ሌላው ሰው ይወቅበት። ግጥሟን ግን ተዋት።»

«እሺ እትዬ» አልኳት። ይህንኑ ቃል ከዚህ በፊትም ብያታለሁ፤ እሷም አልረሳችውም።

ይኸው መንገዱን ጻፍኩ፤ ለመጻፍም ዓመታት ፈጀብኝ። ምኒችል አሁን በሌላ አገር ነው፤ መሬቱን አከራይቶ ወጥቷል። ይታይሽ ዛሬም እኔው ዘንድ ታስፈጫለች። መብራት ሲጠፋና ሌሎቹ ማንጎራጎር ሲጀምሩ ግን ጆንያዋን ትታ ትነሣለች፤ ከደጅ ባሕር ዛፉ ሥር ሄዳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትቆማለች። መብራቱ እስኪመጣ፣ ወፍጮው እስኪጮህ ድረስ አትገባም።